«አይሆንም» የሚባልበት ወንበር፦ በዳታ ጥበቃና በዲጂታል መብት ለሚሠማሩ የሕግ ባለሙያዎች የሥራ አማራጮች ንጽጽር

ባለፈው ዓመት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ሁለት የቅጥር ደብዳቤ ይዛ ቢሮዬ መጣች። አንዱ ከአንድ የፋይናንስ ተቋም ነው፤ መደቡ «የዳታ ጥበቃ ኦፊሰር» ይላል፤ ተቋሙ የሰዎችን መረጃ በሕጉ መሠረት መያዙን የሚከታተል ሰው ማለት ነው። ሁለተኛው ከአንድ የሰብዓዊ መብት ድርጅት ሲሆን ደመወዙ የመጀመሪያውን ግማሽ አይሞላም፣ ኮንትራቱም የአንድ ዓመት ነው። «መምህር፣ የቱን ልያዝ?» አለችኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት እኔም ጠየቅኋት። «ሁለቱም ቤት ውስጥ አንድ ቀን ‹ይሄ አይሆንም› ማለትሽ አይቀርም። የምትዪው ለማን ነው? ካልሽ በኋላስ ምን ይከተላል?» ስለ ደመወዙ፣ ስለ ትራንስፖርት አበሉ፣ ስለ መደቡ ስም በደንብ አስባ ነበር የመጣችው። ይህኛውን ግን አላሰበችበትም።

ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ከሚመጡ ወጣቶች ጋር ንጽጽሩን የምጀምረው ከዚህ ነው። ሰው አሻራውን፣ የሕመም ታሪኩን፣ የብድር ታሪኩን፣ ከማን ጋር እንደተደዋወለ አምኖ ይሰጣል። ያንን አደራ ለሌላ ጉዳይ ማዋል የሚፈልግ ሁልጊዜም አለ። በመካከል የሚቆመው የሕግ ባለሙያ ምን ያህል እንደሚያስጥል የሚወስነው ከዕውቀቱ ባልተናነሰ የተቀመጠበት ወንበር ነው።

ሥራው ከየት መጣ

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር በግልጽ ጽፏል። ለብዙ ዓመታት ግን ያ አንቀጽ ብቻውን ቆሞ ነበር። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሲስተም ሰብሮ የገባውን ይቀጣል እንጂ፣ በሕጋዊ መንገድ የሰበሰበው ተቋም መረጃውን ምን ያድርገው ለሚለው ጥያቄ አልተጻፈም። ቀጥሎ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መጣ። ከዚያ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ፋይዳን ሕጋዊ መሠረት ሰጠው፤ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ምስልና የፊት ፎቶ በአንድ ቋት ይከማቻሉ።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው በመጋቢት 2016 ነው። ቁጥጥሩ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጠ። ዳታ የሚሰበስብ ተቋም ሕጋዊ ምክንያት ሊኖረው፣ ለተናገረው ዓላማ ብቻ ሊጠቀምበት፣ ሊመዘገብ፣ ዳታው ሾልኮ ከወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሊያሳውቅ ይገባል። ወደ ውጭ አገር መላክም በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ሆኗል። ከዚህ ተነሥቶ ሥራው ወዲያና ወዲህ ተከፈለ፤ ግዴታውን የሚወጣው ተቋም ባለሙያ ይፈልጋል፣ ተቆጣጣሪው ባለሙያ ይፈልጋል፣ መብቱ የተነካበት ሰውም ጠበቃ ይፈልጋል።

ከተቋሙ ውስጥ፦ ነገረ ፈጅና የዳታ ጥበቃ ኦፊሰር

እኔም ነገረ ፈጅ ነበርኩ፤ አዋጁ ከመውጣቱ በፊት። የምሠራበት ተቋም በስልክ ብድር የሚሰጥ መተግበሪያ እያዘጋጀ ነበር። ደንበኛው ሲመዘገብ ስልኩ ላይ ያሉ የሰው ቁጥሮች በሙሉ ወደ ተቋሙ እንዲገለበጡ ታስቧል። ተበዳሪው ካልከፈለ ለእናቱ፣ ለአለቃው፣ ለዕቁብ ጓደኞቹ ይደወላል ማለት ነው። አይሆንም ብዬ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ስብሰባ ላይ የተጠየቅሁት «የትኛው አንቀጽ ነው የሚከለክለው?» ተብዬ ነው። አንቀጽ 26ን ጠቀስኩ። «እሱማ ሕገ መንግሥት ነው፤ እኛን የሚመለከት መመሪያ አለ ወይ?» ተባልኩ። አልነበረም።

በመጨረሻ ሐሳቡ ቀረ። ያስቀረው ግን የኔ ሦስት ገጽ አልነበረም። የዳታቤዝ ክፍል ባልደረባዬ ተነሥቶ ነጭ ሰሌዳው ላይ ቁጥሮቹ የት እንደሚቀመጡና ማን ሊከፍታቸው እንደሚችል ሣለ። ሠላሳ ሁለት ሰው ሊከፍታቸው ይችል ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ አምስቱ የተቋሙ ሠራተኞች እንኳ አይደሉም። ያን ሥዕል ያዩ ኃላፊዎች ራሳቸው ደነገጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳታው በየት በኩል እንደሚሄድ ሳላውቅ አስተያየት ጽፌ አላውቅም።

ዛሬ «የትኛው አንቀጽ?» ለሚል መልስ አለ። ጎረቤታችን ኬንያ በ2019 እ.ኤ.አ. የዳታ ጥበቃ ሕግ አውጥታ ኮሚሽነር ሾማለች። በሴፕቴምበር 2023 ኮሚሽነሯ ልክ እንዲህ ያለ አሠራር ያለውን የስልክ አበዳሪ 2,975,000 የኬንያ ሽልንግ ቀጥታዋለች። የአዲስ አበባ ነገረ ፈጅ ይህን ውሳኔ ይዞ ስብሰባ ቢገባ እኔ ካሳለፍኩት ቀን የተሻለ ቀን ይኖረዋል።

የዚህ ወንበር ትልቁ ጥቅም ቅርበቱ ነው። ውል የምታነቡት መረጃው ከሚላክበት ሰርቨር አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ነው። በየሳምንቱ የሚመጣው ጉዳይ ያስተምራል፤ የሲስተም አቅራቢ ውል፣ የሠራተኛ ካሜራ፣ በስህተት ለሌላ ደንበኛ የተላከ የሂሳብ መግለጫ። ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ደግሞ ከመርማሪ የሚመጣው ደብዳቤ ነው። «የእገሌ የሂሳብ እንቅስቃሴ በአስቸኳይ ይላክልን» ይላል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለው ወይ? የምርመራ መዝገብ ቁጥር ተጽፏል ወይ? የተጠየቀው የሁለት ወር ነው ወይስ የአሥር ዓመት? ከተፈቀደው በላይ አለመላክ ትንሽ ነገር ይመስላል። በኋላ ፍርድ ቤት ቆሞ ስለ አንቀጽ 26 ከመከራከር ይልቅ፣ ያን ቀን ደብዳቤውን በጥንቃቄ ያነበበ አንድ ነገረ ፈጅ ለዜጋው የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።

ጉዳቱም ግልጽ ነው። «አይሆንም» የምትሉት ደመወዛችሁን ለሚከፍለው ሰው ነው። አውሮፓውያን ይህን ስለሚያውቁ ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ጂዲፒአር በሚባለው የዳታ ጥበቃ ደንባቸው አንቀጽ 38 ላይ፣ ኦፊሰሩ በሥራው ላይ ትእዛዝ እንዳይቀበል፣ ሥራውን በመሥራቱም እንዳይባረር ጽፈዋል። ሌላ ኃላፊነት ደርቦ ራሱን የሚቆጣጠር እንዳይሆንም ይከለክላል። በ2020 የቤልጂየም ተቆጣጣሪ አንድን የቴሌኮም ኩባንያ 50,000 ዩሮ የቀጣው የዳታ ጥበቃ ኦፊሰሩን የስጋት፣ የሕግ ተገዥነትና የኦዲት ክፍሎች ኃላፊም ስላደረገው ነው። እኛ ዘንድ መደቡን ለአይቲ ኃላፊው ወይም ለሕግ አገልግሎት ዳይሬክተሩ እንደ ተጨማሪ ሥራ መስጠት ተለምዷል። ቅጥር ሲቀርብላችሁ ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ ጠይቁ። የጻፋችሁት አስተያየት ለቦርዱ መድረስ ይችል እንደሆነም በጽሑፍ ይመለስላችሁ። መልስ የማይሰጥ ተቋም የሚፈልገው ፊርማችሁን ነው።

የግል ጥብቅና

የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ ፈቅዷል። ለዳታ ጥበቃ ይህ ጠቃሚ ለውጥ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ውሉንም፣ ክርክሩንም፣ ቴክኖሎጂውንም አይዘልቀውም። በድርጅት ውስጥ የምታገኙት ደንበኛ ብዙ ዓይነት ነው፤ የክፍያ ኩባንያ፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ የውጭ ባለሀብት፣ ወደ አውሮፓ መንገደኛ የሚያጓጉዝ ወይም በኦንላይን ለአውሮፓ ነዋሪ አገልግሎት የሚሸጥ ድርጅት። ጂዲፒአር በአንቀጽ 3 አውሮፓ ውስጥ ላለ ሰው ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚያቀርብን ከአውሮፓ ውጭ ያለ ድርጅት ጭምር ስለሚይዝ፣ ሁለት ሕግ አጣምሮ የሚያውቅ ጠበቃ ይፈለጋል።

እዚህ ወንበር ላይ «አይሆንም» ምክር ነው። ደንበኛው ካልወደደው ሌላ ጠበቃ ጋ ይሄዳል። ይህ ነጻነትም ነው፣ ድካምም ነው። ገቢው ወጣ ገባ ይላል። ለጊዜው ዳታ ጥበቃን ብቻ ይዞ ቢሮ መክፈትን አልመክርም፤ የሥራ ክርክሩንም፣ የንግድ ምዝገባውንም ጎን ለጎን መሥራት ግድ ነው።

ለጀማሪ ጠበቃ ትልቁ ፈተና መገልበጥ ነው። አንድ የግል ክሊኒክ «በጠበቃ ተዘጋጅቶልናል» ብሎ ያሳየኝ የግላዊነት ፖሊሲ፣ ቅሬታ ያለው ታካሚ ለአንድ የአውሮፓ አገር ተቆጣጣሪ እንዲያመለክት ይነግር ነበር። ታካሚዎቹ የመጡት ከመርካቶና ከአውቶቡስ ተራ አካባቢ ነው። ለዚህ ሰነድ ገንዘብ ተከፍሏል። የካርድ ክፍሉን ገብቶ ያየ፣ መዝገቡን ማን እንደሚያወጣና ማታ ማን እንደሚቆልፈው የጠየቀ ጠበቃ በሁለት ገጽ የተሻለ ይጽፍላቸው ነበር።

ተቆጣጣሪው ቤት

የመንግሥት ደመወዝ ነው፤ እሱን ማድበስበስ አያስፈልግም። ሆኖም በሕግ ጉልበት ያለው «አይሆንም» ያለው እዚህ ነው። ነገረ ፈጁ የሚከላከለው የአንድ ተቋም ደንበኞችን ሲሆን፣ የተቆጣጣሪው አንድ ውሳኔ ግን ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩትን ሁሉ ያስተካክላል። የኬንያዋ ኮሚሽነር አበዳሪውን በቀጣችበት ሳምንት የልጆችን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ የለጠፈ ትምህርት ቤትን 4,550,000፣ የደንበኛን ፎቶ ያለ ፈቃድ የለጠፈ የመዝናኛ ቤትን 1,850,000 ሽልንግ ቀጥታለች። አዲስ አበባ ውስጥ የምረቃ ሰሞን የትምህርት ቤቶችን ገጽ የተመለከተ ሰው ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚቀርበን ይገባዋል።

ሌላው የዚህ ቤት ሀብት ጊዜው ነው። አዋጅ አጠቃላይ ነው፤ ሕይወት የሚሰጠው መመሪያና የመጀመሪያዎቹ ውሳኔዎች ናቸው። ቃላቱ ራሳቸው ገና አልረጉም፤ «ፈቃድ» ሲባል አንድ ገበሬ ወረቀት ላይ ጣቱን ማሳረፉ ይበቃል ወይስ የተነበበለትን በቋንቋው መረዳት አለበት? ይህን የሚወስኑት ዛሬ በዝቅተኛ ደመወዝ እዚያ የተቀመጡት ወጣት ባለሙያዎች ናቸው። ጎበዝ ተማሪዎቼ እዚያ ቢሄዱ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው።

ችግሩ ከፍተኛው የዳታ ባለቤት ራሱ መንግሥት መሆኑ ነው። ለአንድ የግል ኩባንያ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያና ለአንድ መሥሪያ ቤት የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ እኩል አይከብዱም። ባለሥልጣኑ የዳታ ጥበቃን ብቻ የሚሠራ ተቋምም አይደለም፤ የቴሌኮም ፈቃዱንም የሚሰጠው እሱ ነው። ወደዚያ የምትገቡ ሰዎች ውሳኔያችሁን በምክንያት አስደግፋችሁ መጻፍን ከመጀመሪያው ቀን ልመዱ። የተጻፈ ምክንያት ከጸሐፊው በላይ ዕድሜ አለው።

መብት ተሟጋችነትና ስትራቴጂያዊ ክስ (ከአንድ ሰው ጉዳይ አልፎ አሠራርን ለመለወጥ የሚቀርብ ክስ)

በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን በመብት ላይ የሚሠራ የአገር ውስጥ ማኅበር ከውጭ ምንጭ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ መቀበል አይችልም ነበር። ብዙ ድርጅት ተዘጋ፣ ብዙው ዓላማውን ለወጠ፤ ያን ጊዜ የተመረቅን የሕግ ሰዎች ይህን መንገድ እንደ ሥራ አማራጭ አልቆጠርነውም። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን አጥር አነሣ። ዛሬ ተማሪዬ የያዘችው ሁለተኛው ደብዳቤ ሊጻፍ የቻለው በዚያ ምክንያት ነው።

ጉዳዮቹን የምናውቃቸው በሕይወታችን ነው። ሰኔ 2012 አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጧል። ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ ትግራይ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተለይታ ቆይታለች። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦበት ነበር። አሜሪካ ያለ ልጅ የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ ወራት ያለፉበት ቤት ጥቂት አይደለም። በጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚቀርበው ክስ፣ ምርመራ ላይ የሚወሰደው ስልክ፣ የሚጠየቀው የይለፍ ቃል፣ ሁሉም የዚህ ጠበቃ ሥራ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው ለፍርድ የሚገባ ጉዳይ የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል፤ ማኅበርም አባላቱን ወክሎ ሊያቀርብ ይችላል። ይህ በር ብዙ አልተንኳኳም።

ሌላ አገር ሲንኳኳ ምን እንደተገኘ ማየት ይጠቅማል። በኬንያ «ሁዱማ ናምባ» የተባለው ብሔራዊ መለያ ሲጀመር ዜጎችና ማኅበራት ከሰሱ። የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 30 ቀን 2020 ምዝገባውን በሙሉ አልሻረም፤ የዘረመልና የሰዎችን ቤት መገኛ የሚመዘግበውን ክፍል ግን ከለከለ፣ ቀሪውም በቂ የሕግ ማዕቀፍ እንዲኖረው አዘዘ። በኦክቶበር 2021 ደግሞ ካርዱ የታደለው በሰዎች ዳታ ላይ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት አስቀድሞ ሳይገመገም ነው ተብሎ ሥርጭቱ ሕገ ወጥ ተባለ። ፋይዳን የሚከታተል የሕግ ባለሙያ እነዚህን ሁለት ፍርዶች ማንበብ አለበት። የመታወቂያ ሥርዓትን ሳያፈርሱ ማስተካከል እንደሚቻል ያሳያሉ።

እዚያው ናይሮቢ የኛው ጉዳይም አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ አባት ስማቸው፣ ፎቷቸውና የሚኖሩበት ቦታ ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ በ2014 ዓ.ም. መግቢያ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ልጥፎቹ እንዲነሡ አስቀድሞ አመልክቶ ነበር። በዲሴምበር 2022 ከሌላ ኢትዮጵያዊና ከአንድ የኬንያ ተቋም ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ከሰሰ። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም ሲል ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አለኝ ያለው በኤፕሪል 2025 ነው። ከሁለት ዓመት በላይ የፈጀው «የት እንከራከር?» የሚለው ብቻ ነው ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ አባቱ ሞት ገና አልተሰማም ነበር። ይህን ወንበር የሚመርጥ ሰው ይህን ጊዜ አስቦ ይምረጥ።

ትዕግሥቱ ካለ ግን አንድ ሰው ብዙ ይሠራል። ኦስትሪያዊው ማክስ ሽሬምስ ገና የሕግ ተማሪ ሳለ በፌስቡክ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ጀመረ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በእሱ ጉዳይ በኦክቶበር 2015፣ ከዚያም በጁላይ 2020 ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን የዳታ ዝውውር የፈቀዱ ሁለት ስምምነቶችን ውድቅ አድርጓል።

ይህ ወንበር ያለውን ክብደት ለተማሪዬ አልደበቅኋትም። «አይሆንም» የሚባለው እዚህ በአደባባይ ነው፤ ለመንግሥትም፣ ለትልቅ ኩባንያም። ገንዘቡ በፕሮጀክት ይመጣል፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ኮንትራቱም ያልቃል። በደንበኛችሁ ስልክ ውስጥ ያለው የእናንተም ስም ነው፤ ስለዚህ የደንበኞችን ዝርዝር፣ የምስክሮችን አድራሻ ያለ ቁልፍ ላፕቶፕ ላይ የሚያስቀምጥ የዲጂታል መብት ጠበቃ ከሚከሰው ተቋም አይሻልም። የታሰረን ልጅ እናት በየቀኑ ማነጋገርም የራሱ ሸክም አለው። አብሯችሁ የሚሸከም ባልደረባ የሌለበት ድርጅት ውስጥ ብቻችሁን አትግቡ።

ወደ ውጭ የሚወስደው መንገድ

በጥብቅና ፈቃድ የታጠረው የሕግ ሙያ ከአገር ሲወጣ ብዙ ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። ዳታ ጥበቃ በዚህ ይለያል። የጂዲፒአር አንቀጽ 37 ኦፊሰር ለመሆን የሚጠይቀው በዳታ ጥበቃ ሕግና አሠራር ላይ የበሰለ ዕውቀትን ነው፤ የጠበቃ ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ ማስተርሱን አውሮፓ ሠርቶ፣ ቋንቋውን ችሎ ድርጅት ውስጥ መግባት ይቻላል። ባሕረ ሰላጤውም ተከፍቷል፤ የሳዑዲ ዓረቢያ የግል ዳታ ሕግ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በሙሉ ተፈጻሚ ነው። በእስራኤልም በኦገስት 2025 ሥራ ላይ የዋለው የግላዊነት ሕግ ማሻሻያ ብዙ ተቋማት ኦፊሰር እንዲሾሙ ያስገድዳል። አሜሪካ አንድ ወጥ የፌዴራል ሕግ ስለሌላት የካሊፎርኒያን ሕግ ይዞ መነሣቱ ይሻላል።

ከአገር ከመውጣታችሁ በፊት ግን አንድ ፋይል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚህ ያዙ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ማወቅ ለዚህ ሙያ ሀብት የሚሆነው፣ በቋንቋው የሚኖረው ሰው ምን እንደሚጎዳው በሥራ ካያችሁ ብቻ ነው።

ስለ ማስተማር አጭር ልናገር። ብቻውን የሚያኖር አይደለም፤ ከሌላው ጋር ሲደረብ ግን ያጠራል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው አዋጁን በወጉ ያነበብኩት።

ጎን ለጎን ሲታዩ

በገቢ ተቋሙ ይቀድማል፣ ተቆጣጣሪውና ማኅበሩ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ግል ጥብቅናው እንደ ሰውየው ነው። ዳታን በዓይን ለማየት ተቋሙን የሚያህል የለም። ፍርድ ቤት ለመቆም የሚፈልግ ደግሞ ተቋም ውስጥ ዓመታት ቢያባክን ይቆጨዋል። እንዲያውም ለሙግት የተፈጠራችሁ ከሆነ ከ«ዲጂታል» በፊት የፍትሐ ብሔርና የወንጀል ሥነ ሥርዓቱን በተራ ጉዳዮች ተለማመዱ። በይርጋ የሚወድቅ የኢንተርኔት ክስ አንዱንም ሰው አይጠቅምም።

ብዙዎች የማይጠይቁት ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል ወይ የሚለውን ነው። ከተቋም ወደ ተቆጣጣሪ መሄድ ቀላል ነው፤ አሠራሩን የሚያውቅ መርማሪ አይታለልም። ከተቆጣጣሪ ወደ ግል ድርጅት ሲወጣ የቢሮውን ምስጢር ይዞ መውጣት አይገባም፤ አንድ ጊዜ የመረመሩትን ተቋም በማግሥቱ መወከል ስም ያጠፋል። ከመብት ድርጅት ወደ ተቋም የሚሄደውን ቀጣሪዎች ይፈሩታል፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ሰው ቀጥሬ አልተጸጸትኩም። ቅሬታ ከመምጣቱ በፊት ያሸተው ነበር።

የኔ ምርጫ ምን ይሁን ለሚለኝ ጀማሪ እንዲህ እላለሁ፤ የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ዳታ በእውነት በሚሰበሰብበት ቤት ሥሩ፤ ባንክ፣ ሆስፒታል፣ ቴሌኮም፣ መታወቂያ የሚመዘገብበት ቦታ፣ የትም ይሁን። ማን ምን እንደሚከፍት፣ የት እንደሚገለበጥ፣ መቼ እንደሚጠፋ እወቁ። ከዚያ በኋላ የቱንም ወንበር ብትመርጡ ሌላው የማያየውን ታያላችሁ። ከዚህ የማወጣው ሰው ቢኖር በቤተሰቡ ወይም በራሱ ላይ በደረሰ ነገር ተነሥቶ ወደ ሙያው የመጣውን ነው። እሱን ሁለት ዓመት ጠብቅ ለማለት አፌ አይደፍርም።

ተማሪዬ ለፋይናንስ ተቋሙ ሦስት ጥያቄ ጽፋ ላከች፤ ተጠሪነቴ ለማን ነው፣ አስተያየቴ ቦርድ ይደርሳል ወይ፣ ሌላ ሥራ ይደረብብኛል ወይ። በደብዳቤው ላይ ተጠሪነቷ ለአይቲ ኃላፊው ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለዋና ሥራ አስፈጻሚው ተብሎ ተስተካክሎ መጣላት፣ የቦርዱም ነገር ተጻፈ። ለመብት ድርጅቱ ራሷ ሄዳ ምክንያቷን ነገረቻቸው፤ በርዋን አልዘጋችም። ጥር ላይ ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያ ሥራዋ የትኛው ሠራተኛ የትኛውን የደንበኛ ፋይል መክፈት እንደሚችል ዝርዝር ማውጣት ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ስደውልላት ገና አራተኛው ክፍል ላይ ነበረች።